ጃፓንና አሜሪካ በሲኞራ ኤልዳ ሳሎን

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 24 (በነሱ ማጆ 2)፤ ጠዋት

ሲ/ራ ኤልዳ ቁርሳቸውን በልተዋል፣ መድኃኒታቸውን ወስደዋል። ቴሌቪዥኑ በርቷል። እኔ የቪዲዮው ቀይ ቁልፍ ላይ ጣቴን ደቅኜ ተንበርክኬያለሁ። ማስታወቂያ ሲመጣ መጫን፣ ሲያልቅ መልቀቅ። ሲ/ራ ተናደዱ፤ ሰው ድራማ ይቀዳል እንጂ ማስታወቂያ ይቀዳል ወይ አሉ። የሊዲያ ትምህርት ነው አልኳቸው። የልብስ ሳሙና ምን ትምህርት አለው አሉ። አለው ደብተሬ። እንዴት ያለ ትምህርት እንዳለው ልንገርሽ።

ልጄ ሊዲያ ዘንድሮ ሊቼዮ፣ ሁለተኛ ደረጃ መሆኑ ነው፣ ትጨርሳለች። ለማቱሪታ፣ ለመልቀቂያ ፈተናው፣ የራሷን ጽሑፍ ይዛ መምህራኑ ፊት መቅረብ አለባት። የሌላው ልጅ ስለ ጦርነት ነው፣ ስለ ጥንት ገጣሚ ነው። የኔዋ፣ አሜሪካኖችና ጃፓኖች በማስታወቂያና በቴሌቪዥን ራሳቸውን እንዴት እንደሚያሳዩ። ስሰማ ደነገጥኩ፣ ይኼ ሊያስወድቃት ነው ብዬ። አሁን ከሷ ይልቅ የያዘው እኔን ነው። አሥራ አራት ዓመት ሮማ እዚህ ቤት በሠራተኝነት ስኖር፣ እዚህ ሳሎን ውስጥ ልብስ ስተኩስ፣ ማስታወቂያ ማለት ሮጦ ሄዶ ድስት ማማሰያ ሰዓት ነበር። ለካ ዋናው እሱ ኖሯል።

እስካሁን የተያዘው የአሜሪካን ብቻ ነው። ጣሊያንኛ ይለጥፉበታል፤ ከንፈር ሌላ፣ ድምፅ ሌላ። ሰውየው ብቅ ይላል። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ሳንተዋወቅ፣ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳይለኝ፣ ልብስሽ ቡላ ሆኗል ይለኛል። ከዚያ የሱን ነጭ ያሳየኛል፣ የጎረቤቲቱን ያዋርዳል። ሁልጊዜ በፊትና በኋላ አለ። በፊት ወፍራም፣ በኋላ ሸንቃጣ። በፊት ብቻዋን፣ በኋላ መንደሩ ሁሉ ተከትሏት፣ በአንድ ሻምፑ። ጥርሳቸውማ አይወራም። እንዲያ ያለ ጥርስ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ደስ ይለኛል ግን፣ አልዋሽም። የሚፈልገውን የሚያውቅ ሕዝብ።

ከሰዓት፤ ሲ/ራ ተኝተዋል

ሆዴ አልችል አለ። ልጻፈው።

እሑድ ለፋሲካ ማርታ ደውላ ነበር። ታናሽ እኅቴ። አሜሪካ ከገባች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ባል አላት፣ ሁለት ልጆች፣ ዳላስ የሚባል አገር ሰፊ ቤት። እንኳን አደረሰሽ ተባባልን። ከዚያ ሳላስበው፣ እትዬ፣ ሊዲያ ስትጨርስ ላኪልኝ፣ ኮሌጅ እናስገባታለን፣ ባዶ ክፍል አለን አለችኝ። ልቤ ወጥቶ ሊሄድ። ስንት ዓመት ስለት የተሳልኩበት ነገር። ታዲያ ምን አልኩ? በወግ ያደገ ሰው የሚለውን አልኩ። አይ እኅቴ፣ አንቺ ራስሽ የልጆች እናት ነሽ፣ እንዴት ብለን እናስቸግርሻለን። ኦኬ እትዬ አለች። ከልጆቿ አንዱ አለቀሰ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ግድ የለም። ትደውላለች። በመጀመሪያው እሺ የሚል ሆዳም ነው። በሁለተኛው መሽኮርመም ነው። በሦስተኛው፣ እንግዲህ አንቺ ካልሽ፣ ይባላል። ገና ሁለት ይቀራታል። ለሊዲያ እንዳልነግራት ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ፤ ነገሩ ሲቆረጥ ይሻላል። በደስታ አንዱን አንሶላ ሁለቴ ተኮስኩት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 26፤ ማታ

የዕረፍት ከሰዓቴ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ወርጄ በርበሬ እያሸተትኩ ሰው ሳማ እውላለሁ። ዛሬ ከሊዲያ ጋር አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ሚቺኮ ቤት። ጃፓናዊት ናት፣ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ከፍ ትላለች። ጣሊያን ባሏ ሞቶ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ማታ ማታ ቋንቋ ታስተምራለች። ኦሳካ ያለችው እኅቷ ከአገሯ ቴሌቪዥን የቀዳችውን ካሴት ትልክላታለች፣ ማስታወቂያው ሳይቆረጥ። ለሊዲያ ወርቅ ማለት ነው። ስንት ዓመት ደረጃ ላይ ጎንበስ እየተባባልን አልፈናል፣ ቤቷ ስገባ ግን የመጀመሪያዬ።

በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። ጣፋጭ አቀረበች። አይ በቃኝ አልኩ። ጎንበስ ብላ ደገመችኝ። ኧረ በልተን ነው የመጣነው አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ትንሽ ብቻ፣ ብላ ሳህኑን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። አየሽ ደብተሬ፣ እንደ ሰው። ሊዲያ፣ ኡፍ፣ ቅዳሴው አለቀ ወይ አለችን በጣሊያንኛ። ሁለታችንም እኩል አፋችንን በእጃችን ሸፍነን ሳቅን። ጣፋጩ ባቄላ በስኳር ነው። ባቄላ። ለጾም እንኳ ይሆናል።

ካሴቱ። መጀመሪያ ዝናብ። አንድ ሽማግሌ ብርቱካን ይልጣል። ልጅቷ በመስኮት ታያለች። ማንም አይናገርም። ግማሹን ይገፋላታል። ዝናብ። መጨረሻ ላይ የማንቆርቆሪያ ስም ይወጣል። ማንቆርቆሪያው የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። መልሰን ስናይ ጥግ ላይ ኖሯል፣ ቀስ ብሎ እየፈላ። ግዙኝ አላለም። አፍሮ ተቀምጧል።

ሁለተኛው። እናት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የልጇን ምሳ ዕቃ ታሰናዳለች። ካሮቱን በአበባ ቅርጽ ትቆርጣለች። ልጁ ይዞ ይሄዳል፣ እግዜር ይስጥሽ የለ፣ ምን የለ። ማታ ባዶውን ይመልሳል። እሷ ክዳኑን ከፍታ ታያለች። በቃ። የሚሸጡት የአኩሪ አተር ስጎ ነው። እኔ አለቀስኩ። በስጎ። በአሜሪካኑ ቢሆን ልጁ እናቱን አንገቷን አቅፎ፣ የዓለም አንደኛ እናት ይላታል፣ ውሻው ይዘላል፣ ጠርሙሱ መሀላቸው ቆሞ ያበራል።

ሦስተኛው ጉድ ነው። አሜሪካዊ ተዋናይ፣ ሲ/ራ የሚወዱት፣ በየፊልሙ አገር የሚያቃጥል። ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብሎ የቆርቆሮ ቡና ይጠጣል። አንዲት አሮጊት ስትመጣ ብድግ ብሎ እጅ ነሥቶ ቦታውን ይለቅላታል። ሽጉጥ የለ፣ ፈንጂ የለ። የአገሩ ሰው በማያየው ቦታ ሄዶ ነው ጨዋ የሚሆነው አለች ሊዲያ።

ጃፓን ማለት ዝምታ ነው ብዬ ልደመድም ስል ደግሞ አንድ ሰውዬ የላስቲክ ዓሣ ራሱ ላይ ደፍቶ እየጮኸ ዘለለ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሚቺኮ አፈረች። እኔ ግን ተንፈስ አልኩ።

አንድ ነገር። ስንወጣ ሊዲያ ለሚቺኮ በጃፓንኛ ተናገረች። አንድ ሁለት ቃል አይደለም፣ ረዘም ያለ። ሚቺኮም መለሰችላት፣ ሁለቱም ሳቁ። አበባ ላጠጣላት እያለች ሁለት ዓመት የምትወጣው ለዚህ ኖሯል? እንጃ። ተገላበጥኩ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማርታም አልደወለች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 29

ከቤ/ክ መልስ። ዘነቡ ጋር ተገናኘን፤ ፓሪዮሊ ሰፈር የምትሠራዋ ጓደኛዬ፣ ከአንቺ ሌላ ሆዴን የማጫውታት እሷን ብቻ ነው። የማርታን ነገር ነገርኳት። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ደውለሽ እሺ በያት አለችኝ። እንዴት ብዬ፣ ልመና አይሆንም ወይ። ሳቀችብኝ። እዚያ አገር ማንም ማንንም ሁለቴ አይጠይቅም፣ ጊዜ የላቸውም አለች። ቀናች። አይ፣ አልቀናችም። ለምን እንዲህ እንደጻፍኩ እንጃ፣ ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት የሲ/ራ ድራማ፣ አሜሪካኖች። ሀብታሞች ናቸው፤ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም፣ ሲበሉም። ሥራቸው በር ላይ ቆሞ እውነት መናገር ነው። አልወድህም። ልጁ ያንተ አይደለም። የማገባው እኅትሽን ነው። ይናገርና ዞር ይላል፣ ሙዚቃ። ሲ/ራ፣ እነዚህ ሰዎች ኀፍረት የላቸውም አሉ። የላቸውም አልኩ፣ ግን ሁሉም የት እንደቆመ ያውቃል።

ሚቺኮ ያዋሰችኝ የጃፓን ድራማ ደግሞ ሌላ ነው። ልጁና ልጅቷ እንደሚዋደዱ እኔ አውቃለሁ፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ድመቷ ታውቃለች። እነሱ ብቻ ጃንጥላ ይዋዋሳሉ። በመጨረሻ እሷ ባቡር ላይ ወጣች፣ እሱ ጃንጥላዋን ይዞ ቀረ። ንገራት እንጂ አንተ! ብዬ በአማርኛ ጮኽኩበት። ሲ/ራ ደነገጡ።

ስልኩ ዝም። አንስቼ መሥራቱን አየሁ። ይሠራል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 2

ትናንት ልደታ ነበረች። ንፍሮ ቀቅዬ ለሲ/ራ ሰጠኋቸው። የዶሮ ምግብ ነው እያሉ ጨረሱት።

ሊዲያ የጻፈችውን አነበበችልኝ፣ ግማሹን በጣሊያንኛ፣ ግማሹን እየተረጎመች። ትልልቅ ቃል ነው፣ መምህራን የሚወዱት ዓይነት። ልክ ነው ወይ ማማ አለችኝ። እንደ ግብዣ አስቢው አልኳት። አሜሪካኑ፣ ማቀዝቀዣው ያውልሽ፣ የፈለግሽውን አውጪ የሚል ሰው ነው። ደግ ነው፣ ግን ካልተነሳሽ ተርበሽ ትሄጃለሽ። ጃፓኑ ሳትጠይቂው አቅርቦ፣ ይቅርታ የማይረባ ነገር ነው የሚል ሰው ነው። እሱም ደግ ነው፣ ግን የማትወጂውን ቢያቀርብልሽ እያነቀሽ ትውጫለሽ። ሊዲያ ቀና አለች። ድገሚው አለችኝ። ጻፈችው። የኔ ቃል ማቱሪታ ሊቀርብ ነው ደብተሬ። ማትሪክ ያልቀናኝ እኔ ጥሩወርቅ፣ ሮማ ላይ ልፈተን።

ሁለቱም ስጎ ለመሸጥ ነው ግን፣ አለች ቆየት ብላ። እሱንም ጻፊው አልኳት።

ከዚያ ሳህን እናጥባለን። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። አንድ ዓመት እዚያ ሄዶ በዓይን ማየት ነበር አለች፣ ጃፓን። ወዲያው ደግሞ፣ አይ ተዪው፣ አይሆንም፣ አንቺን ማን ይዞ። እውነትሽን ነው፣ ሩቅ ነው አልኳት። ብርጭቆውን አደረቅሁ። ልቤ ዳላስ ነው።

ጉዳዬን ሁሉ ጀምሬ እተዋለሁ። ቁም ሣጥን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ለሊዲያ የምትሆን ሻንጣ ከላይ አወረድኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። ማርታ ትደውል እንጂ።

ዓርብ፣ ግንቦት 4፤ ማታ

ደወለች።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስለ ልጆቿ አወራች፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ባሏ አዲስ ሥራ። እኔ እጠብቃለሁ። የሊዲያ ፈተና እንዴት ነው አለች። መጣልሽ አልኩ በሆዴ። ጎበዝ ናት፣ እንግሊዝኛዋም የታወቀ ነው አልኩ፤ ይኼን እንኳ ጣል አደረግሁ። ደስ ይላል አለች። ከዚያ የምሥራች አለኝ አለች። የባሏ የእኅት ልጅ ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፣ ኮሌጅ ልትገባ። ያቺ ባዶ ክፍል ለሷ ተቀባች።

ለሊዲያ ያልሻት ክፍል? አልኩ።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ አልፈልግም አልሽ።»

አላልኩም። እናስቸግርሻለን ነው ያልኩት። ይኼ የማንም አገር አልፈልግም አይደለም። ግን ተንኮል የለባትም፣ ከልቧ ነው የገረማት። እኔ ምን አልኩ? እንኳን ደስ ያላችሁ። ልጅቷን ሳሚልኝ። የክፍሉ ቀለም ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠየቅሁ፣ ብታምኚኝም ባታምኚኝም። የሎሚ ቀለም ነው አለች።

ሲ/ራ ከሳሎን ማነው አሉ። እኅቴ ናት፣ ሁሉም ደህና ናቸው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 5

ስጎውን አሳረርኩ። ያ ጥርሳም ሰውዬ ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ሲል ጠቅ አድርጌ አጠፋሁበት። ምን አደረገሽ አሉ ሲ/ራ። አንዴ ጠይቆ ይሄዳል አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ልጄ፣ ዛሬ ላዛኛ አትሥሪ አሉ።

እሳቸው ሲተኙ ትራም ተሳፍሬ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ፣ በዚያው ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሽቶ፣ ስልክ፣ ጫማ። አንቺ ይገባሻል ይላሉ ሁሉም። ማን ጠየቃችሁ።

ማታ የሚቺኮን ሳህን ልመልስ ወጣሁ። ባዶ ሳህን አይመለስምና ድፎ ዳቦ ቆርሼበታለሁ። እሷም ባዶ አይመለስም ማለት ታውቃለች፣ አይታው ገባት። ተቀመጪ አለችኝ። አይ አላልኩም፣ ተቀመጥኩ። የማርታን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩት። እንዲያ ስናገር ቆይቼ አላውቅም፣ እኔ ወሬኛዋ እንኳ። ሚቺኮ አፏን ሸፍና ሳቀች። ከዚያ እጇን አወረደች።

የራሷን ነገረችኝ። ወጣት ሆና ጣሊያን አግብታ ሮማ ልትመጣ ስትል፣ እናቷ ያሏት ወፍራም ልብስ ያዢ ብቻ ነው። እሷ፣ አትሂጂ እስኪሏት ጠበቀች። እናቷ፣ ልቅር ወይ እስክትላቸው ጠበቁ። ይኼን ኋላ እኅቷ ናት የነገረቻት፣ እናቷ ካረፉ በኋላ። ሁለታችንም ጨዋ ነበርን አለች።

እኔ ግን ያቺ ምሳ የምታሰናዳ እናት፣ እንዲህ ያለ ፍቅር በአሜሪካኑ የለም አልኳት። እንድትጽናና ብዬ።

«ልጁን ካሮት ትወዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም» አለች። «መንገድ ላይ ጥሎት ቢሆንስ?»

ደብተሬ፣ ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ረቡዕ ሳህን ስናጥብ። ልጄ ጃፓን አለች፣ ወዲያው አይ ተዪው አለች። እኔ ደግሞ እውነትሽን ነው። አንድ አይ ሰምቼ ብርጭቆ ማድረቅ። ማርታን ምን ብዬ ነው የማማት።

ይኼንኑ ለሚቺኮ አልኳት። ጭንቅላቷን ትንሽ ነቀነቀች፣ ታውቅ ነበር። ሊዲያን ጠይቂያት አለች። አንዴ፣ ቀጥ አድርገሽ። እኔ ጃፓናዊት ነኝ፣ ይኼን መምከር አይገባኝም ነበር አለች።

እሑድ፣ ግንቦት 6፤ ከሰዓት

ጠየቅኋት።

ቤት ውስጥ አልሆነልኝም፣ ሲ/ራ ጆሯቸው ሲፈልጉ ይሰማል። ፒያሳ ቪቶሪዮ አትክልቱ ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ። አጠገባችን ቻይናዎች ካርታ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ስለ አየሩ አወራሁ፣ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ዘነቡ ጉልበት። ሊዲያ ማማ ምን ሆነሻል አለች። እንግዲህ ዓይኔን ጨፍኜ፦

«ምንድነው የምትፈልጊው? እኔን ተዪኝና።»

«ጃፓን።»

ቃሉን አፏ ውስጥ ይዛው የቆየች ነው የሚመስለው። አንዴ ከወጣ በኋላ ማን ያቁማት፣ የማን ልጅ ናት። የሚቺኮ እኅት ኦሳካ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ ታትማለች፣ ትንሽ ማተሚያ ቤት አላት። ከላይ አንድ ክፍል አለ። ሊዲያ ጠዋት ቋንቋ ትማራለች፣ ከሰዓት ታግዛታለች። አንድ ዓመት። ከጥቅምት። ሚቺኮ በጥር ነው የነገረቻት፤ ሊዲያ ሦስት ጊዜ አይሆንም አለቻት። ሦስት ጊዜ የሚባል አይ እውነተኛ አይ ነው። ለምን አልኩ። አንቺን ማን ይዞ፣ አለች አሁንም። ከዚያ አለቀሰች፣ ቻይናዎቹ ካርታቸውን ያዝ አደረጉ።

አሜሪካስ አልኳት፣ ሁሉንም ነገርኳት። የማርታን ስልክ፣ የሎሚ ቀለሙን ክፍል። ዓይኗን ጠረገች። አሜሪካን አውቀዋለሁ ማማ፣ ቤታችን ውስጥ ነው ያደገው አለች። ያኛውን ነው የማላውቀው።

ያም በካሴት ነው ያየሽው፣ ማንቆርቆሪያና ዝናብ ነው አልኳት። አገሩ እንዲያ ባይሆንስ? ሰውዬው ዓሣ ደፍቶ ቢጠብቅሽስ? ሳቀች። እንዲያ እንዳልሆነ አውቃለሁ አለች፣ ስለሱ አይደለም እንዴ የጻፍኩት።

እና እኔ ራሴ ምን አፍ አለኝ? ሮማን ያየኋት የት ነው? አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አንድ ጠጉር ቤት ግድግዳ ላይ። የሞተር ብስክሌት ማስታወቂያ። ልጅቷ መሐረብ አስራ ወንዱ ጀርባ ላይ ተለጥፋ፣ ከኋላቸው ፏፏቴ። ጠጉሬ እስኪደርቅ ሳያት ሳያት። እዚህ መጥቼ አንድም ቀን ሞተር ላይ አልወጣሁም። የሰው ሽንት ቤት ነው ያጠብኩት። ፏፏቴውን ያየሁት ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ስሄድ መንገድ ጠፍቶኝ ነው። ግን ተጸጽቻለሁ ወይ? ደብተሬ፣ አልተጸጸትኩም። በውሸት ሥዕል መጥቼ እውነተኛ ኑሮ ኖርኩ። ይኼን ለሊዲያ አላልኳትም። ከረሜላ ገዛሁላት፣ እንደ ሕፃን።

እግሬ አልቀመጥ አለ።

ሰኞ፣ ግንቦት 7፤ ማታ

ዛሬ እኔ ደወልኩ። በራሴ የስልክ ካርድ፣ በራሴ ጣት። ዳላስ ጠዋት ነው፣ ማርታ ልጆቿን እያለበሰች። ሳልዞር ሳልጠመዘዝ ነገርኳት። እንዲህ አልኳት፦ በፋሲካ ስትጠይቂኝ ልቤ ዘሎ ነበር። እፈልግ ነበር። አይ ያልኩት እንድትደግሚልኝ ነው። ስላልደገምሽልኝ ከፋኝ። ይኼው፣ አለቀ። አርባ ሰባት ዓመት ስኖር እንዲህ ብዬ አላውቅም።

ከማርታ በኩል ልጅ ካልሲ ጠፋኝ ይላል በእንግሊዝኛ። ከዚያ፦

«እትዬ፣ እዚህ አይ ያለን ሰው መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። አስለምደውኝ ነው። ረሳሁት።»

አለቀሰች፣ እኔም። እማዬ ድሮ እንግዳ እግር ላይ ወድቃ ስታበላ አስታውሳ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ተነሳ፣ ሊዲያ ትምጣ፣ ከዚያችኛዋ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ፣ ክፍሉ ሰፊ ነው አለች።

ያ የተሳልኩበት። ይኼው መጣ፣ እጄ ላይ። አሎራ፣ እንግዲህ፣ ምን ትያለሽ ጥሩወርቅ?

አይ አልኳት። ልጄ ጃፓን ነው የምትፈልገው፣ ጃፓን ትሄዳለች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጃፓን? አለች ማርታ፣ ጨረቃ ያልኳት ይመስል። ኋላ እነግርሻለሁ፣ ካርዴ እያለቀ ነው አልኩ፣ እውነትም አለቀ።

ለሚቺኮ ወጥቼ ነገርኳት። ልጄን ውሰጂልኝ፣ እኅትሽ ትያዝልኝ፣ ብዬ። አላስቸግርሽም አላልኩም። ፊቷ ቀላ። ሁለታችንም የምናደርገው ጠፍቶን ጎንበስ ተባባልን፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

ለሲ/ራም ተነገራቸው። ያን የዓሣ ሰውዬ ካገኘችው ምን ማለቱ እንደሆነ ትጠይቅልን አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሳቸውም ዛሬ ጃፓን ሆኑብኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 9

ጉድ ፈላ።

ማርታ አላመነችኝም። የሰኞው አይ ወግ መስሏታል። ትናንት ከሰዓት ደወለች፣ እትዬ ገብቶኛል፣ አንቺ ሰው ማስቸገር አትወጂም፣ ልጅቷን ላኪ አለች። ኧረ እውነቴን ነው አልኳት። አውቄብሻለሁ አለች። ማታ ደግሞ ባሏን አቀረበችው። ጨዋ ሰው ነው፤ እትዬ ጥሩወርቅ እባክዎ፣ ቤቱ የርስዎ ነው፣ እያለ ለመነኝ። እርስዎ ባለኝ ሰው ላይ እንዴት ልጩህ። ሊዲያ ከጎኔ ሆና በሳቅ ሞተች። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ማርታ፣ «በሞቴ» አለችኝ። በሞቴ። አሥራ ሁለት ዓመት ከአፏ ያልሰማሁት ቃል። የእማዬ ድምፅ ነበር፣ ቁርጥ የእማዬ። ስልኩን ይዤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፣ እኅቴ ተመለሰችልኝ ብዬ። ልክ አይ ማለት በተማርኩበት ሳምንት።

ሲ/ራ ምንድነው የሚፈልጉት እነዚህ ሰዎች አሉ። እንድቀበል ነው አልኩ። ታዲያ እሺ በይና አትላኪ አሉ፣ እንደ ጣሊያን።

አይሆንም። በሞቴ ለተባለ አይ ተብሎ አያውቅም፣ በቤታችን ታሪክ። ይባል። ሊዲያ በጥቅምት ኦሳካ ትሄዳለች። ለማርታ የማስበው ይኼን ነው፦ አይ ያልኩሽ ስለማፍርሽ አይደለም፣ ስለማስቸግርሽም አይደለም፣ ስለማልፈልግ ነው። ልጄ ስለማትፈልግ። ለገና እኔ ራሴ መጥቼ አይሻለሁ፣ ያን ጊዜ ብዪ ካላልሽኝም ማቀዝቀዣሽን ከፍቼ እበላለሁ። ጥሩ ነው ወይ? ጠንከር አለ ወይ? «ስለማልፈልግ» ሲጻፍ ይቀላል፣ በአፍ ሲወጣ እንጃ። እስቲ ድምፄን ከፍ አድርጌ

ስልኩ ጠራ። እሷ ናት። ቆይ፣ ልበላት፣ መጀመሪያ እሱን እላታለሁ፣ እንደምን ዋልሽ ከማለቴ በፊት፣ አይ እኅቴ፣ አልፈ